የቅሬው ኮምፒውተር

የግራና ቅሬ አራት ትልልቅ ድስት፣ ሁለት መቶ ሳህን፣ ሠላሳ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ድንኳን፣ ስድስት አካፋና አንድ ኮምፒውተር አለው። ቅሬ ማለት ለማያውቅ ሰው፣ ሲሞቱ ቆፍሮ የሚቀብር፣ ድንኳን የሚተክል፣ ሐዘንተኛውን የሚያበላ የኛ የወሎዎች ማኅበር ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ መዝገብ ይጻፋል። መዝገቡን ሠላሳ ስምንት ዓመት የያዝኩት እኔ ነኝ። መልካሙ እባላለሁ፣ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ኮምፒውተሩን «ተራ ቁጥር 31» ብዬ ያስገባሁትም እኔው ስለሆንኩ፣ ከዚህ በታች ለሚነበበው ሁሉ ጥፋተኛ የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም።

ነገሩን ያመጣው ሆርስት የሚባል የምሥራቅ ጀርመን ሰው ነው። በሰባዎቹ መጨረሻ ለመስኖው ቦይ ሥራ መጥቶ ሦስት ዓመት አብሮን ኖረ። ግራና ውስጥ ቅሬ የሌለው ሰው ሰው ስላልሆነ እሱም ገባ። መቃብር ሲቆፈር ከሁላችን ቀድሞ ይደርስ ነበር፤ የአካፋ አያያዙን ግን ማንም አልወደደለትም። ሆርስት ከሀገሩ የቤት ኮምፒውተር ይዞ መጥቶ ነበር። ከደብተር ጥቂት የሚሰፋ፣ ቁልፎች ከላዩ የተደረደሩበት ግራጫ ሳጥን ነው። ዛሬ የተሠራበት ሀገር እንኳ የለም። ከቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል፤ ጨዋታውን የሚያገኘው ደግሞ ከቴፕ ካሴት ነው። ካሴቱን ሲያጫውቱት ዘፈን አይወጣም፤ የወፍጮ ቀበቶ ሲንሸራተት የሚያሰማው ዓይነት ሲርታ ነው የሚወጣው፣ ኮምፒውተሩ ያንን ሲርታ ሰምቶ ጨዋታ ያደርገዋል። ካሴት የሌለው ጨዋታ በመጽሔት ታትሞ ይመጣል፤ ያኔ ተቀምጦ እያንዳንዱን መስመር በእጅ መክተብ ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከአብዱልሐሊም ነው። አብዱልሐሊም የመስኖው ሞተር ሠራተኛ ነበር፤ ጄኔሬተሩም በእጁ ስለነበር ሆርስት ያለ እሱ ሳጥኑን ማብራት አይችልም። አንድም የጀርመን ቃል ሳያውቅ ከመጽሔት እየገለበጠ መክተብ ጀመረ፣ ከዚያ መስመሮቹ ምን እንደሚሠሩ ገባው፣ በመጨረሻም ሁለቱ ተቀምጠው የራሳቸውን ጨዋታ ሠሩ። «ግራና 1» የሚል በአብዱልሐሊም እጅ የተጻፈበት ካሴት ላይ ነው ያለው። ቦይ አለ፣ ሰባት በር አለው። ውሃው ሲመጣ በሮቹን በጊዜያቸው እየከፈቱና እየዘጉ መጨረሻ ላይ ያለው የማሽላ ማሳ ላይ ማድረስ ነው። ማሳው ያኔ አረንጓዴ መሆን ነበረበት። አልሆነም። ሰባተኛው በር ሲከፈት ጨዋታው ቀጥ ይልና «ስሕተት፣ መስመር 740» ብሎ በጀርመንኛ ይጽፋል። ለምን እንደሆነ ሁለቱም አላወቁም።

በ1982 ዓ.ም. ሆርስት በአንድ ሳምንት ውስጥ ዕቃውን ሸክፎ እንዲመለስ ታዘዘ። ሳጥኑን ከነካሴቱ ለአብዱልሐሊም ልተውለት ወይ ብሎ የጠየቀው እኔን ነው። ለአንድ ሰው የተሰጠ ይጠፋል፣ ለቅሬ የተሰጠ ግን አይጠፋም ብዬ መከርኩት። እውነቴን ነበር፤ አልጠፋም።

ሆርስት በሄደ በሦስተኛው ቀን አብዱልሐሊም እየሮጠ ቤቴ መጣ። ሞተር እያስነሳ ሳለ ገብቶታል። መስመር 740 ላይ «ወደ 800 ሂድ» ብሎ ጽፏል፤ 800 የሚባል መስመር ግን የለም። ማሳውን አረንጓዴ የሚያደርገው 810 ነው። ሁለት ደቂቃ ስጠኝ፣ አንድ ቁጥር ለውጬ ልውጣ አለኝ። እኔም መዝገቡን ከፍቼ አንቀጽ ስምንትን አነበብኩለት፦ የቅሬ ንብረት ሞት ሳይኖር ከዕቃ ቤት አይወጣም፣ ሲወጣም ሙሉው ይወጣል። ሕጉ የወጣው አንድ ሰው ለልጁ ሠርግ ትልቁን ድስት ወስዶ ቂጡን ስላሳረረው ነው። እሺ፣ እዚያው ዕቃ ቤት ውስጥ ልንካው ቢለኝ፣ መጠቀም ከማውጣት ይቆጠራል ብዬ መለስኩለት።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ የሚወጣው ለቅሶ ላይ ብቻ ሆነ። ለቅሶ ላይ ደግሞ ጨዋታ የለም።

ሠላሳ አምስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ሰው ሲሞት ድስቱም፣ አካፋውም፣ ኮምፒውተሩም ይወጣል። ድንኳን ውስጥ በስተቀኝ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ሴቶቹ ጥቁር ልብስ ሰፍተውለታል። ማንም አያበራውም። ለቅሶ ደራሽ ሲገባ መጀመሪያ ለሐዘንተኛው፣ ቀጥሎ ለሳጥኑ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ሲደረግ ስላዩ ያደርጉታል። አንድ ቀን ሁለት ሰው ሞተና ድስቱንና ሳህኑን ለሁለት ስንከፍል ኮምፒውተሩ አልከፈል አለን። እስከ ቀትር አንዱ ቤት ዋለ፣ ከቀትር በኋላ በባጃጅ ተጭኖ ወደ ሌላው ሄደ። ጠዋት ያልደረሳት አስካለ፣ ባሌ ያለ ኮምፒውተር ተቀበረ ብላ ሁለት ዓመት አኮረፈችኝ። የሲሪንቃ ሰዎችም ለአንድ ትልቅ ሰው ቀብር አውሱን ብለው መጥተው፣ ሟቹ መዝገባችን ላይ የለም ብለን መለስናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ድስቱም ሳህኑም ሄዷል፤ ሳጥኑን የፈለገው አልነበረም። ድስቱን እስክንተካ ድረስ ቅሬያችን ኮምፒውተር ብቻ የነበረበት ወራት ነበር።

አብዱልሐሊም አንድ ጊዜ ብቻ መታገሥ አልቻለም። በ1991 ዓ.ም. አንድ ለቅሶ ላይ ጥቁሩን ልብስ ገልጦ ጣቱን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈ። መብራት አልተያያዘም፣ ቴሌቪዥንም አልነበረም፤ ጣቱን ብቻ ነው ያሳረፈው። ሰው ሐዘን ላይ ሊጫወት ነው ተባለ፣ ድንኳኑ ተንጫጫ። አንድ ዓመት ሙሉ አግዳሚ ወንበሮቹን ብቻውን እንዲሸከም ተፈረደበት። ፍርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በጥሩ እጅ ጽሕፈት። ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ያደግን ጓደኛዬ ነው፤ ግን ሕግ ሕግ ነው እል ነበር። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ላይ ልጁ ናጅዋ መጣች። መርሳ ላይ ቴሌቪዥንና ስልክ የምትጠግን፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ቁጭ እንኳ ሳትል የመጣችበትን ነገረችኝ።

«አያ መልካሙ፣ የአባቴ አንድ ዓይን ጠፍቷል። ሁለተኛውን ያዩት ሐኪም ክረምቱን አይሻገርም ብለዋል። አንቱ ካልፈቀዱ ያንን ቁጥር ሳያርም ሊታወር ነው።»

እኔ መፍቀድ የምችለው ነገር እንዳልሆነ፣ አንቀጽ ስምንት እንዳለ ነገርኳት። ሰምታ ሄደች። ያንን ዓመት ደግሞ እንደ ፈጣሪ ፈቃድ ግራና ውስጥ ሰው መሞት ተወ። ሰባት ወር ሙሉ አንድም ለቅሶ የለም። አብዱልሐሊም የታመመ መጠየቅ ማብዛቱን ሰማሁ፤ ከዚያ ደግሞ በራሱ አፍሮ መጠየቁን ጭራሽ እንደተወ ሰማሁ። ሰው ቢሞትስ ምን ይሆናል? በድንኳን ውስጥ የሚደረገውን የሚወስነው የሐዘኑ ባለቤት ነው፤ አባቱን ቀብሮ በሐዘኑ ላይ ጨዋታ ይሁን የሚል ልጅ የት ይገኛል?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጠይቀው ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ዱአ መስሎኝ እስኪጨርስ ቆምኩ። ፕሮግራሙን ነበር የሚያነበንበው። በየቀኑ ከመስመር 10 ጀምሮ በቃሉ ይወጣዋል። 740 ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ከዚያ «ወደ 810 ሂድ» ብሎ ያልፋል። ይህን ያህል ዓመት ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግበው ጠየቅሁት። በሱ ቦታ ብሆን እረሳው ነበር።

«መልካሙ፣ ሰው በዕድሜው ስንት ስሕተት ይሠራል» አለኝ። «የኔ ሌላው ሁሉ የት የት እንዳለ እንኳ አላውቀውም። የዚህን ግን መስመሩን አውቀዋለሁ።»

ወደ ቤቴ ስመለስ ዓይኔን እንባ ሞላው። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ መንገድ ላይ ሳለቅስ ያየኝ ሰው ቢኖር ለቅሶ ተገኘ ብሎ ድንኳን ያወጣ ነበር። ይህን ሳስብ ነው ነገሩ የመጣልኝ።

የቁም ተዝካር የሚባል እኛ ክርስቲያኖች ዘንድ አለ። ወገን የሌለው ሰው ስሞት የሚያስበኝ የለም ብሎ በሕይወቱ እያለ ተዝካሩን ያወጣል። እኔ ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም። ተዝካሬን ባወጣ ሟቹም እኔ ነኝ፣ የሐዘኑ ባለቤትም እኔ ነኝ። በሐዘኔ ላይ ጨዋታ ብፈቅድ ማን ይከለክለኛል?

ጉባኤ አስጠራሁ። አብዱልሐሊም ያን ቀን ለዓይኑ ደሴ ሄዶ ስለነበር አልተገኘም፤ እኔም ቀኑን የመረጥኩት አስቤበት ነው። ክርክሩ ግማሽ ቀን ፈጀ። አንዳንዱ፣ ሰው ሳይሞት ድንኳን መትከል ሞት መጥራት ነው አለ። አንዳንዱ፣ ተዝካር የሞት ነገር እስከሆነ ድረስ ሟቹ መሞት አለበት የሚል የት ተጻፈ አለ። መዝገቡን አገላብጬ አየሁ፤ የትም አልተጻፈም። የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ በራሴ ተናደድኩ፣ በራሴም ደስ አለኝ። በመጨረሻ የቅሬው ዳኛ ደጀን እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘን።

«ይወጣልሃል» አለ። «ግን ቅሬ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይወጣም። ከወጣልህ መዝገቡ ላይ ሞተሃል። የእውነቱ ቀን ሲመጣ ድንኳን የለም፣ ቆፋሪ የለም። ገብቶሃል?»

ያንንም ሕግ የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። ግን አልዋሽም፣ ፈራሁ። ወገን ያለው ሰው ወገኑ ይሸከመዋል። እኔን ከቅሬ በቀር የሚሸከመኝ የለም። ለሠላሳ ስምንት ዓመት ያልደከመኝ ለሌላ ለምንም አልነበረም፤ ያንን ቀን እያሰብኩ ነው። ቢሆንም እሺ አልኩ። ለአብዱልሐሊም አንቀጹ ፈቅዷል ብቻ ብዬ ነገርኩት፤ የቀረውን ዋጥኩት።

ቀኑን ረቡዕ አደረግሁት፣ የጾም ምግብ ለሁሉም ስለሚሆን የማን ሥጋ የሚል ክርክር አይነሣም። ጠዋት ድንኳኑ ግቢዬ ውስጥ ተተከለ። ሰው እየገባ አንዱ እግዜር ያጥናህ ይለኛል፣ አንዱ ነፍስ ይማር ይለኛል፤ ለሁሉም አሜን እላለሁ። ንብረት ሲወጣ ሙሉው ስለሚወጣ አካፋውም መጥቷል። ቆፋሪዎቹ የት እንቆፍር ብለው ተሰልፈው ቆሙ። እስከ ምሳ ድረስ የጓሮዬን ቦይ አስጠረግኋቸው። አስካለ ለኔ ማልቀስ ይኑርባት አይኑርባት ቸግሯት፣ በልኩ አልቅሺ አልኳት፤ በልኩ አለቀሰች።

ናጅዋ ከወልድያ ሆዱ የሰፋ አሮጌ ቴሌቪዥን ገዝታ መጥታለች። ካሴት ማጫወቻውን ከመንዙማ ሻጭ ለምና ነው ያገኘችው። የሳጥኑ ትራንስፎርመር እንደማይሠራ ገምታ ሌላ ይዛ መጥታ ነበር፤ ገመዶቹን አያያዘችና ጥቁሩን ልብስ ገለጠችው። ያኔ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ለምን እንደተነሣን እኔም አላውቅም፤ እኔም ተነሥቻለሁ።

ካሴቱ ሲዞር ሲርታው ግቢውን ሞላው። ጓዳ ያሉት ሴቶች ሳጥኑ አለቀሰ ብለው ዋይታቸውን አቀለጡት፤ ይህኛው በልክ አልነበረም። አብዱልሐሊም ግን ራሱን ነቀነቀ። ድምፁ ታፍኗል፣ አይሰማውም አለ። እውነትም ስድስት ደቂቃ ጠብቀን ምንም አልመጣም። ናጅዋ ከማጫወቻው ራስ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በመፍቻ ያዘች፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣ ወደ ግራ፣ ትንሽ መልሺ፣ ትንሽ ጨምሪ ይላታል። ሲርታው እየጠራ፣ እየሰላ ሄደ። «እሱ ነው» አለ። ስድስት ደቂቃ እንደገና ጠበቅን። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰባት በሮች ቆሙ።

መስመር 740ን ሲያወጣ አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ነበር። በቀረው ዓይኑ አንድ አንድ ፊደል እየፈለገ አነበበ። 800 የሚለው እዚያው ነበር፤ ሠላሳ አምስት ዓመት በየለቅሶው ከእኛ ጋር ሲመጣና ሲሄድ ኖሯል።  አንድ ቁልፍ ተጫነ፣ ሌላ ተጫነ፣ 810 አደረገው። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ግን መታረሙን ለማየት ጨዋታውን ማሸነፍ ያስፈልጋል። መጀመሪያ አራተኛው በር ላይ ውሃ ጣሰው። ቀጥሎ ስድስተኛው ላይ። የሚመጣውን ውሃ ቶሎ አያየውም፤ ስለዚህ ሁላችንም ዓይን ሆንነው። ቄሱ ሦስተኛውን ዝጋ ይሉታል፣ ሸሁ ቆይ ገና ነው ይሉታል፣ ቆፋሪዎቹ ዛሬ ቦይ ስለጠረጉ ከሁሉም በላይ አዋቂ ሆነዋል። በሦስተኛው ሙከራ ሁሉንም ዝም በሉ ብዬ ጮህኩ፤ ተዝካሩ የኔ ነው። እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ እኔ ብቻ ነገርኩት። ውሃው ሁለተኛው ላይ ደረሰ፣ ክፈት። አምስተኛው፣ ቆይ፣ አሁን። ሰባተኛው በር ተከፈተ።

ጨዋታው አልቆመም። ውሃው ወደ ማሳው ገባ፣ ማሳው ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያለ አረንጓዴ ሆነ።

«አረንጓዴ ነው?» አለኝ።

«አታየውም?»

«አየዋለሁ። አንተም ንገረኝ ብዬ ነው።»

አረንጓዴ ነው አልኩት። አልሐምዱሊላህ አለና መዳፉን ፊቱ ላይ አሳለፈ፣ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ድንኳኑ ውስጥ የተገኘው ሁሉ አለቀሰ፤ ከዚያ ወዲህ እንደኔ አምሮ የተለቀሰለት ሟች ግራና ውስጥ የለም ይባላል። ናጅዋ ብቻ ሳታለቅስ የታረመውን መልሳ ካሴቱ ላይ ቀዳችው።

በቀጣዩ ወር ጉባኤ ላይ መዝገቡን ለደጀን አስረከብኩ፤ ሟች ጸሐፊ ሊሆን አይችልም። ከማስረከቤ በፊት ደንቡ እንደሚያዝዘው በስሜ ላይ መስመር አሰመርኩ፣ «ወጥቶለታል» ብዬ ጻፍኩ፣ ጮክ ብዬም አነበብኩ። አብዱልሐሊም ያን ጊዜ ሰማ። ዓይኑ በዚያ ወር ውስጥ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር ምንም አይሠራም ነበር። ምን ማለት ነው ብሎ ጎኑ ያለውን ጠየቀ፤ ነገረው። በትሩን ተመርኩዞ ተነሣ።

«የኔን ቅሬ ለመልካሙ ስጡልኝ» አለ። «እኔ ልጅ አለችኝ። እሱ ማንም የለውም።»

ተቆጣሁ። መልሰህ እንድትሰጠኝ ያደረግሁት መሰለህ ወይ፣ የሰጡትን የሚመልስ ምን ዓይነት ሰው ነው አልኩት። እሱም ሳይነግሩ የሚሰጥስ ምን ዓይነት ሰው ነው አለኝ። በሰው ፊት ተሰዳደብን። ግማሹ ጉባኤ ሳቀ፣ ግማሹ ደነገጠ። ደጀን የተረከበውን መዝገብ እንደያዘ ፈረደ፦ ለሁለታችን አንድ ቅሬ አለ፤ ቀድሞ ለሞተው ይወጣል፣ ኋለኛው እንደሚሆን ይሆናል።

ስለዚህ አሁን ሁለት ሽማግሎች በአንድ ቀብር ላይ ተጋርተን ተቀምጠናል። እኔ ቀብሩ ለሱ እንዲሆን ነው የምመኘው፣ ሳጥኑ ከጠረጴዛው ላይ ሆኖ፣ የታረመው ካሴት ከጎኑ ተደርጎ። እሱ ደግሞ ለኔ እንዲሆን ነው የሚመኘው። ባለፈው ሳምንት ብርድ መታኝና ሦስት ቀን ሳስል ሰንብቼ ነበር። አብዱልሐሊም ግድግዳ እየዳበሰ፣ ፌጦ በማር አስበጥብጦ በብርጭቆ ይዞ መጣ፤ ግማሹ በመንገድ ላይ ፈስሶ እጁን አጣብቆታል። ቅሬው ለኔ እንዲሆን ከፈለግህ ዝም ብለህ አትተወኝም ወይ አልኩት።

«ቅሬው ይድረስህ አልኩ እንጂ፣ ሂድ አልኩህ?» አለኝ።

ብርጭቆውን ተቀብዬ ጠጣሁ። በጣም ያቃጥል ነበር።